የቀጥቃጭ ልጅ ሰባት ቤት

አባቴ ቀና ብሎ የሰው ልጅ አያይም ነበር። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ በነበረችው የቁልፍ መሥሪያ ሱቁ ፊት ሕፃን ያዘለች ሴት ስትቆም፣ ዓይኑን ጓጉንቸሩ ላይ ተክሎ ነው የሚያናግራት። ልጁ ቢስቅም ቢያለቅስም ቀና አይልም። ሰው ሲበላ ካጋጠመውም ፊቱን ያዞራል። እናቴ ገና በልጅነቴ ነው የሞተችው፤ ከዚያ ወዲህ ምሳዬን ያቀርብልኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀመጣል። ትንሽ ሳለሁ ኩራት ይመስለኝ ነበር። ከፍ ስል አይወደኝም አልኩ። እስከ ሃያ ስድስት ዓመቴ ድረስ በዚሁ ስህተት ቆየሁ።

እኔ ደግሞ መቀመጥ የማልችል ፍጡር ነኝ። ወንበር ይበላኛል። ከፒያሳ ቸርችልን ቁልቁል ወርጄ፣ ያለ ምክንያት ሽቅብ ተመልሼ፣ አራት ኪሎ ደርሼ ካልመጣሁ ቀኑ የዋለ አይመስለኝም። የሰፈር ልጆች «በኪሎ ሜትር ነው እንዴ የሚከፈልህ?» ይሉኛል። ዘመኑ ደግሞ የደርግ ነው፤ ብዙ የሚዞር ሰው የቀበሌ ጥበቃ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሁለት ጊዜ መታወቂያዬን አውጥቼ «ሥራ ፈት አይደለሁም» ብዬ ምያለሁ።

ያን ዓመት ግን ለመዞሬ ምክንያት ነበረኝ። አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፕ የምትመታ ልጅ ወድጄ ነበር፤ እሷም ወዳኛለች። ሁለት ዓመት ተያይዘን ዞርን። በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ በሕይወት ስለሌሉ ነገሩን የያዙት ታላቅ አጎቷ ናቸው። ሽማግሌዎቹን አላሳፈሯቸውም። «ልጁ መልካም ነው ይባላል» አሉ፤ «ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ አባቱን ይዛችሁ ኑ፤ ሰባት ቤት እንቆጣጠር።»

ሰባት ቤት መቁጠር ማለት ይኸው ነው፤ የወንዱም የሴቷም ወገን አያት ቅድመ አያቱን እስከ ሰባት ትውልድ ይጠራል። በሁለቱም በኩል አንድ ሰው ከተገኘ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው፤ ጋብቻ የለም። ሲቆጠር ታዲያ ሌላም ነገር ይጣራል፤ ማን ጨዋ፣ ማን ምን እንደሆነ። ይህኛውን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም።

እኔ አልሰጋሁም። ሰባቱን በቃሌ እወርድ ነበር። ሌሎች አባቶች የማባዣ ሠንጠረዥ ሲያስጠኑ አባቴ እጄን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲወስደኝ አያቶቼን ነው ያስጠናኝ። አንዱን ከዘለልኩ ከመጀመሪያው አስጀምሮ ያስቆጥረኛል። አምስተኛው ላይ አንድ ፊታውራሪ ነበሩ፤ እሳቸው ጋ ስደርስ ደረቴን እነፋለሁ።

በዚያው ሰሞን በምሠራበት የመንግሥት ወርክሾፕ ውስጥ ያበላሸሁት ነገር አለ። ሥራዬ ደብዳቤ መጻፍና እንግሊዝኛ ማስተርጎም ነው። ከፖላንድ የመጡ ማሽኖችን የሚተክሉ ሁለት ባለሙያዎች እንደሚመጡ ተነገረንና መኝታ እንድይዝላቸው ታዘዝኩ። ወረቀታቸውን አየሁ። የመጀመሪያ ስማቸው ይለያያል፤ ሁለተኛው ግን የሁለቱም ኮቫልስኪ ይላል። እኛ ዘንድ ሁለተኛ ስም የአባት ነው። አባታቸው አንድ ከሆነ ምን ቀረ? «ሁለቱ ጓዶች የአንድ አባት ልጆች ስለሆኑ አንድ ክፍል ይበቃቸዋል» ብዬ ጻፍኩ። ክፍል በጠፋበት ጊዜ ለመንግሥት አንድ ማዳኔ ነው፤ ኩራቴ ለጉድ ነበር።

መጡ። አንደኛው ስልሳ የሞላው፣ ራሰ በራ፣ ቦርጫም ኢንጂነር ነው። ሌላኛው በእኔ ዕድሜ ያለ ቀጭን ልጅ። የተዋወቁት አውሮፕላን ውስጥ ነው። በማግስቱ ኢንጂነሩ ዓይኑ ቀልቶ መጣና «ወንድሜ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፋ አደረ» አለኝ። ቀጥሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ መግቢያ ጠፋኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ፒያሳ ወስጄ ማኪያቶ ጋበዝኩት፤ ባንኮኒው ላይ ተደግፈን ቆምን። ቆሜ ስለማወራ ደስ አለኝ።

«ይኼ ስም እኛ አገር እንደ ዝንብ ነው» አለኝ። «አንዱን ብትጠራ አምስት ሰው ዞር ይላል። ዘመዳሞች ግን አይደለንም።»

«ታዲያ እንዴት አንድ ስም ያዛችሁ?»

ነገረኝ። ድሮ ገበሬው ቋሚ የቤተሰብ ስም አልነበረውም፤ እንደ እናንተው ነበርን አለ። በኋላ ቄሱ መዝገብ፣ ገዢው ግብር መያዝ ሲፈልጉ ለእያንዳንዱ ቤት የማይለወጥ ስም ይጻፍ ተባለ። እያንዳንዱ መንደር አንድ ኮቫል ነበረው። ኮቫል ማለት ብረት ቀጥቃጭ ነው። ሺህ መንደር፣ ሺህ ቀጥቃጭ፤ ስማቸው ሳይተዋወቁ አንድ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ልጆቻቸው እንጀራ ፍለጋ ጀርመን የከሰል ጉድጓድ ገቡ፣ አሜሪካ ፋብሪካ ገቡ፣ ብራዚል ድረስ ሄዱ፤ ስሙንም ይዘውት ሄዱ።

«ስኪ የምትለዋስ?» አልኩት።

«እሷ የጌቶች ጅራት ናት» አለና ጠቀሰኝ። «በመጀመሪያ መሬት ያለው ጌታ ነበር በመሬቱ ስም ላይ የሚቀጥላት። አንዳንድ ኮቫልስኪ የምር የጌታ ዘር ነው፤ ስሙ የወጣው ከአገሩ ነው። የእኔ ቅድመ አያት ግን ኮቫል ብቻ ነበር። የወፍጮ ቤት ባለቤት ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ ያፍርና ጅራቷን ይቀጥላል። ቄሱም ዝም ብሎ ጻፈለት።» እንደገና ሳቀ።

ቀጥቃጭ የሚለውን ሲተረጉምልኝ ግራና ቀኝ አየሁ፤ የሰማ ሰው እንዳለ ብዬ። እኛ ዘንድ ይህን ቃል ሰው የሚናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሕፃን ያሳምማል፣ ከእሱ ጋር አይጋቡም። በየግድግዳው መዶሻና ማጭድ ተስሏል፤ የቀበሌ ሰዎች በየስብሰባው የእጅ ባለሙያ ይከበር ይላሉ። ቤታቸው ሲገቡ ሚስቶቻቸው የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍናሉ። ይህ ሰውዬ ግን ቃሉን ካርድ ላይ አሳትሞ ለሰው ያድላል! ገረመኝ፤ ትንሽም ናቅሁት መሰለኝ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ኢንጂነሩ የሻንጣው ቁልፍ ተሰበረበትና ወደ አባቴ ሱቅ ወሰድኩት። አባቴ ከፍቶ አየው፤ ውስጡ ያለችው ሞላ ተሰብራለች። ከቁርጥራጩ መሀል አንድ ቀጭን ብረት መረጠ፣ ከሰሉ ላይ አቀላው፣ ብረት መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አድርጎ ይቀጠቅጠው ጀመር። አባቴ ሲቀጠቅጥ ልማድ አለው፤ ብረቱን ሦስቴ ከመታ በኋላ ባዶውን መስፍ ሁለቴ ነካ ነካ ያደርጋል። ከተወለድኩ ጀምሮ የሰማሁት ድምፅ ስለሆነ አስተውዬው አላውቅም፤ ሙያውንም ጋራዥ ውስጥ ተማርኩት ነበር የሚለኝ። ከዚያ የብረቱን ጫፍ ውሃ ነክሮ አወጣና ቀለሙ ሲለወጥ ይጠብቅ ያዘ፤ ቢጫ፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ ሲል መልሶ ነከረው።

የኢንጂነሩ ፊት የልጅ ፊት ሆነ። «አያቴም እንዲህ ነበር የሚያደርገው! ሁለቴ ነካ ነካ! ይኼ ጋራዥ ውስጥ አይገኝም፤ ከአባት ነው የሚወረስ» አለና በደስታ ወደ አባቴ እየጠቆመ «ኮቫል! ኮቫል!» ይል ጀመር።

«ምን ይላል?» አለኝ አባቴ።

አስተርጓሚ ነኝና አስተረጎምኩ። ደግሞ ድምፄ ወፍራም ነው፤ መንገድ ላይ ሰው እየሄደ ነው። «ቀጥቃጭ ነህ እያለህ ነው» አልኩት፣ እየሳቅሁ።

ሞላዋን የያዘበት ጉጠት አየር ላይ ቆመ። አባቴ ሞላዋን ቁልፉ ውስጥ ከተታት፣ ሻንጣውን ለባለቤቱ አቀበለ፣ ሒሳብም አልጠየቀ። ኢንጂነሩ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው እጅ ነስቶ ሄደ። አባቴ የሱቁን በር ከውስጥ ሳበው። ቀበሌ የለጠፈው የመዶሻና የማጭድ ሥዕል ከበሩ ጋር አብሮ ተዘጋ። ፀሐይ በላሜራው ቀዳዳ ትገባለች፤ የምንቆምበት ቦታ እንኳ በቅጡ የለም። እኔ ግን እዚያች ሁለት እርምጃ ላይ ወዲያና ወዲህ እላለሁ።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«ሰውዬው አልዋሸም» አለ። «አባቴ ቀጥቃጭ ነበር።»

ተናገረ፤ ቶሎ ቶሎ፣ የሰው ታሪክ እንደሚያወራ ሁሉ። አባቱ ማረሻና ማጭድ ሠሪ ነበር። ገበሬው ማረሻውን ይወስዳል፤ ቤቱ ግን አያስገባቸውም። አባቴ ጎረምሳ ሲሆን አንድ የጎረቤት ልጅ ታመመና «ዓይንህ ነው» ተባለ። ሸሸ። ሩቅ ወረዳ ሄዶ ማንነቱን ሳይናገር አንድ ባላባት ቤት ፈረስ ጠባቂ ሆኖ ገባ። ባላባቱ ማታ ማታ ልጆቻቸውን ሰብስበው ዘር ማንዘራቸውን ያስቆጥሯቸዋል። እሱ በር ላይ ቆሞ ይሰማል። አዲስ አበባ መጥቶ የመጀመሪያው አሠሪ «የማን ልጅ ነህ?» ሲለው አፉ ላይ የመጣለት ያ ቆጠራ ነው። ከዚያ መመለሻ አልነበረውም።

«ፊታውራሪውም?»

«እሳቸውም።»

«ልጆች የማታየውስ?»

ከሰሉን በብረት ቆሰቆሰ። ከዚያ «አንድ ልጅ ቢያመው በእኔ ያሳብባሉ ብዬ ነው» አለ። «አንተንም ገና ስትወለድ አላየሁህም። እናትህ ትቆጣኝ ነበር። እኔ ራሴ ደግሞ ... እንጃ፣ እውነት ቢሆንስ እል ነበር።»

እዚህ ላይ ማቀፍ ነበረብኝ። የአያቴን ትክክለኛ ስም እንኳ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ያሰብኩት እሑድን ነው። «እስከ እሑድ ድረስ ማንም እንዳይሰማ» አልኩት። ይህን በማለቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

«እኔስ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሳደርግ የነበረ ይመስልሃል?» አለና በሩን ከፈተ።

እሑድ ደረሰ። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ጠዋት ጫማዬን ሦስቴ ጠረግኩ። አራት ኪሎ ጀርባ ካለው ቤታቸው ሽማግሌዎቻችንን አስከትለን ገባን። አጎትየው ከራስጌ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው የልጅቷ አክስት የልጅቷን እህት ሕፃን ታቅፈዋል፤ እህትየዋ ጓዳ ናት። የእኔዋ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛ በር ላይ ቆማለች። አባቴ እንደ ልማዱ ወለሉን እያየ ተቀመጠ።

ቆጠራው ተጀመረ። አባቴ በዝግታ ይጠራል፤ እኔ በከንፈሬ እከተለዋለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ጋ ሲደርስ አጎትየው እጃቸውን አነሱ።

«ቆዩ፣ ቆዩ። እስቲ እሳቸውን ይድገሙልኝ።»

ደገመው፤ ከነማዕረጉ።

«የት አገር ሰው ነበሩ?»

አባቴ አገራቸውን ነገራቸው። አጎትየው ከወንበራቸው ተነሡና እጃቸውን አጨበጨቡ። «የኛ ፊታውራሪ! የኛ አምስተኛ እኮ ናቸው! እኔም እንዳየሁዎት ደሜ ነግሮኝ ነበር!» እያሉ አባቴን ትከሻውን ደጋግመው ሳሙት። አክስቷ እልል አሉ። «ቁርስ ይምጣ፣ ዘመድ ተገኘ!» ተባለ። ሰው ሲደሰት እኔም፣ ሞኙ፣ አብሬ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ወደ በሩ አየሁ። ትሪዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣለች። ከሁላችንም ቀድሞ የገባው እሷን ነው።

አጎትየው ተቀመጡ፤ ሳቃቸው ቀስ በቀስ ጠፋ። «እንግዲህ ... ልጆቹ እህትና ወንድም መሆናቸው ነው» አሉ። «ይሁን። እግዜር ነው ያወጣን፤ ሳናውቅ ከኃጢአት ልንገባ ነበር።»

አንድ ክፍል ውስጥ ያስተኛኋቸው ሁለቱ ኮቫልስኪዎች ትዝ አሉኝ። ዘመዳሞች አይደለንም ብዬ ልጮህ ፈለግኩ። ብናገር ግን የቀጥቃጭ ልጅ እሆናለሁ፤ ዝም ብል ወንድሟ። በሁለቱም በር አጣታለሁ። አባቴ ያኔ ከወለሉ ላይ ዓይኑን አንሥቶ እኔን አየኝ። ፈቃድ ነው የሚጠይቀኝ። እኔ፣ መቀመጥ የማልችለው ሰውዬ፣ በዕድሜዬ ዝም ብዬ የተቀመጥኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አባቴ ግን ተነሣ።

«ዘመድ አይደለንም» አለ።

«እንዴት አይደለንም? አሁን በአፍዎ ቆጥረው!»

«የቆጠርኩት የጌታዬን ነው። ቤታቸው ፈረስ ጠባቂ ነበርኩ፤ ልጆቻቸው ሲያጠኑ ሰምቼ ነው የያዝኩት። ከፈቀዱልኝ የራሴን ልቁጠር።»

አጎትየው «ይቁጠሩ» አሉ።

አባቴ የአባቱን ስም ጠራ። የአያቱን ስም ጠራ። ሁለቱንም ስሞች በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው፤ መታወቂያዬ ላይ አያትህ ተብሎ የተጻፈው ሌላ ሰው ነው።

«ሦስተኛው?»

«ቀጥቃጭ።»

«ስማቸውን ነው የጠየቅኩዎ።»

«ስሙን አላውቀውም፣ ጌታዬ። ሥራውን ነው የማውቀው። አራተኛውም ቀጥቃጭ ነው። አምስተኛውም ቀጥቃጭ። ሰባት እስኪሞላ ልቀጥልልዎ?»

አክስቷ ነጠላቸውን ጎትተው የሕፃኑን ፊት ሸፈኑና ወደ ግድግዳው ዞሩ። በክፋት አይደለም፤ እጃቸው ሳያስቡት ነው የሄደው። ለዚህ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። ሽማግሌዎቻችን ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። ማንም ደህና ዋሉ አላለንም።

አባቴ ወደ ፒያሳ በፍጥነት ይራመዳል፤ እኔ ከኋላው እንደ እብድ እለፈልፋለሁ። በእነሱ ተናድጃለሁ፣ በራሴ ተናድጃለሁ፣ አባቴ እንዲያ ቀለል ብሎት መሄዱም አናዶኛል። መንገዱ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ትልቅ መዶሻ ተሰቅሏል። «ይህን ሰቅለው!» ብዬ ጮህኩ። «ይህን ሰቅለው የሚይዘውን ሰው ...»

«ቀስ በል፣ ያስሩሃል» አለ አባቴ። ትንሽ ሄዶ ደግሞ «ለማንኛውም ወንድሟ አይደለህም። እሱን አትርፌልሃለሁ» አለኝ።

ሦስት ሳምንት ምንም ወሬ ጠፋ። በመጀመሪያው ሰኞ መሥሪያ ቤቷ ሄጄ ነበር፤ «ታማለች» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አራት ኪሎ ታክሲ መሳፈሪያው ላይ ከሥራ መውጫዋ ሰዓት ጀምሮ እንደ ጥበቃ እመላለሳለሁ፤ በሌላ በር ትወጣለች መሰለኝ አላገኛትም። አልበላም። ኢንጂነሩ «ምነው ከሳህ?» ሲለኝ ሁሉንም ነገርኩት። ይህ ሁሉ በሁለቱ ኮቫልስኪዎች እንደጀመረ ስነግረው የዚያን ቀን አልሳቀም። «ለቅድመ አያቴ ግን ልጅቷን ሰጡት» ብቻ አለኝ። እሱ ዋሽቶ ነው ያገኛት፤ አባቴ ደግሞ እውነት ተናግሮ አሳጣኝ። እንዲህ እያልኩ አባቴን በልቤ ከሰስኩት። ማታ ራት ሲቀርብ ጀርባ የሰጠሁት እኔ ሆንኩ።

በአራተኛው ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ነበር። ከድልድዩ ወዲያ ማዶ ታክሲ ቆመና ሁለት ሴቶች ወረዱ። አንደኛዋ እህቷ ናት፤ እዚያው መንገዱ ዳር ቆማ ቀረች። ሌላዋ ሕፃኑን ታቅፋ ተሻገረች። የእኔዋ ነች። ከስታለች። እኔን አላናገረችኝም፤ በአጠገቤ አልፋ ገባች።

«እንደምን ዋሉ፣ አባባ» አለችው።

አባቴ ወዲያው ዓይኑን መስፉ ላይ ጣለ። «ደህና ነኝ ልጄ። እዚያ በሩ ጋ ቁሚ፤ ጭሱ ለሕፃን አይሆንም።»

«እናቱ ናት የላከችው። ይያዙልኝ።»

«እጄ ቆሻሻ ነው።»

«እናቱ ከዚያ ማዶ እጅዎን እያየች ነው፤ ይያዙልኝ» አለችና ልጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠችው።

እኛ ማዘጋጃ ቤት ሄደን የተፈራረምነው ከዚያ ብዙ ወር ቆይቶ ነው። አጎትየው አልመጡም። ጸሐፊው የአያቴ ስም ከመታወቂያዬ ጋር አይገጥምም ብሎ ሁለት ጊዜ መለሰን። ሠርጌ መቼ ነበር ስባል ግን ትዝ የሚለኝ ያ ቅዳሜ ነው። አባቴ ጥቁር እጆቹን አየር ላይ ዘርግቶ፣ የት እንደሚያሳርፋቸው አጥቶ ቀረ። ልጁ ተንጠራርቶ አፍንጫውን ያዘው። ማዶ ያለችው እናትየው ንቅንቅ አላለችም።

ያኔ አባቴ ጎንበስ ብሎ ልጁን አየው። ብዙ ነው ያየው። ከዚያ ዓይኑን ሳያነሣ፣ ለእኔ ይሁን ለልጁ ባላወቅኩት ድምፅ፣

«አንተም እንዲህ ነበርክ መሰለኝ» አለ።